«አክስቴ ደሴ እያሉ አልጋ ይዤ ባድር ነውር ይሆንብኛል?»

ጥያቄ፦ የ27 ዓመት ሴት ነኝ። የምኖረው አዲስ አበባ ሲሆን በአንድ የግል ድርጅት በሒሳብ ሠራተኛነት ተቀጥሬ እሠራለሁ። ባለፈው ዓመት ያረፉት አባታችን ኮምቦልቻ ላይ አነስተኛ ቤት ትተውልናል፤ የወራሽነትና የይዞታ ወረቀቶቹን ለመጨረስ ከ16 ዓመት ወንድሜ ጋር ወደ ደሴና ኮምቦልቻ ሄደን ስድስት ሌሊት ያህል ማደር ይኖርብናል። ፈቃድ የጠየቅሁት ከመስቀል ማግሥት ጀምሮ ነው። ደሴ የአባቴ ታላቅ እኅት አሉን፤ ነገር ግን ቤታቸው ጠባብ ነው፤ ቦታው ከአያቶቻችን የመጣ በመሆኑም ጉዳዩ እሳቸውንም በጥቂቱ ስለሚነካ፣ በየማታው ስለ ወረቀት እየተነጋገርን ማደሩን ፈራሁት። ደህና ሆቴል ለመያዝ አቅሜ አይፈቅድም። ርካሽ አልጋ እይዛለሁ ስል ደግሞ እናቴ «ሴት ልጅ አልጋ ቤት አታድርም» ትለኛለች፤ አክስቴም ቢሰሙ ይቀየሙኛል ብዬ እሰጋለሁ። ምን ባደርግ ይሻላል? ማረፊያችንስ ደሴ ይሁን ኮምቦልቻ? አልጋ ስይዝ ምን ምን ልመልከት?
ዘ.፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ውድ ዘ.፣ ፈጣሪ ያጽናናችሁ። ጥያቄዎን ከነዝርዝሩ ስለ ጻፉልን መልሱም እንደዚያው ዘርዘር ይላል።

ዘመድ ባለበት ከተማ አልጋ መያዝ በራሱ ነውር አይደለም፤ የሚያስቀይመው ዘመድ ነገሩን ከሌላ ሰው አፍ ሲሰማው ነው። ወደ አክስትዎ ጉዳይ በኋላ እመለሳለሁ፤ አስቀድሜ የእናትዎን ሥጋት ላንሣ። እንግዶች በርካሽ አልጋ ቤቶች ደረሰብን የሚሉትን ችግር ጠጋ ብሎ ለመረመረው፣ አብዛኛው የሚጀምረው ከሰዓቱ ነው፦ መሽቶባቸው፣ መንገድ አድክሟቸው፣ ሻንጣ ተሸክመው ይደርሱና ክፍሉን ሳያዩ ከፍለው ቁልፍ ይቀበላሉ። በሩ እንደማይቆለፍ፣ ውሃ እንደሌለ፣ ከሥር መጠጥ ቤት እንዳለ የሚያውቁት ጫማቸውን ካወለቁ በኋላ ነው። ያንኑ ክፍል ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት ቢያዩት ኖሮ አመስግነው ወደሚቀጥለው ቤት ይሄዱ ነበር። ስለዚህ የምመክርዎ ነገር ሁሉ የሚያጠነጥነው አልጋው ቀን በብርሃን፣ በዐይን ታይቶ እንዲያዝ በማድረግ ላይ ነው።

በዚህ ረገድ የመረጡት ሰሞን አላስደሰተኝም። የግሸን ደብረ ከርቤ ማርያም ዓመታዊ በዓል መስከረም 21 ቀን ይውላል። ወደ አምባሰል ከሚጓዘው ምእመን እጅግ ብዙው ደሴን ረግጦ የሚያልፍ በመሆኑ፣ ከመስቀል በኋላ ባሉት ጥቂት ቀናት በከተማዋ ደህና አልጋ ማግኘት ይቸግራል፤ ሌላ ጊዜ ዞር ብሎ የሚያየው ሰው የሌለው ክፍል ሳይቀር በዚያ ሰሞን ዋጋው ይወጣል። በዓሉን ለማክበር ቢሄዱ ኖሮ ሌላ ነገር ነው፤ የእርስዎ ጉዳይ ግን የቢሮ ጉዳይ ነው። አለቃዎን ለምነው ጉዞውን ከመስከረም 25 በኋላ ቢያደርጉት የሚያተርፉት ገንዘብ እኔ ከዚህ በታች ከምጽፈው ምክር ሁሉ ከሚያተርፉት ሊበልጥ ይችላል። ፈቃዱ የማይገፋ ከሆነ ደግሞ የበዓሉን ቀናት ኮምቦልቻ አሳልፈው፣ ሰዉ ሲመለስ ወደ ደሴ ይውጡ።

ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ንጋት ላይ የሚነሣ አውቶቡስ በደብረ ብርሃን፣ በጣርማ በርና በሸዋ ሮቢት አድርጎ፣ ከሚሴን አልፎ፣ መንገዱ ሰላም ከሆነለት ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሳለች ይገባል። የመንገዱ ሁኔታ በየጊዜው የሚለዋወጥ በመሆኑ ከመነሣትዎ አንድ ቀን አስቀድሞ አክስትዎንም የአውቶቡሱን ቢሮም ደውለው ይጠይቁ፤ ማታ ባጃጅ ከስንት ሰዓት በኋላ እንደማይሠራም አብረው ይጠይቁ። ኮምቦልቻ ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቀድማ የምትገኝ መሆኗን ደግሞ አይርሱ። ከሚሴ ላይ እያላችሁ ፀሐይ ማዘቅዘቅ ከጀመረች፣ ቲኬታችን እስከ ደሴ ነው ብላችሁ የሐረጎን ጠመዝማዛ በጨለማ አትውጡ፤ ኮምቦልቻ ወርዳችሁ እደሩና ጠዋት በሚኒባስ ውጡ። የሚቀርባችሁ የጥቂት ብር ልዩነት ነው።

መናኸሪያ ስትደርሱ «አልጋ ነው? አልጋ አለ!» የሚሉ ልጆች ይከቧችኋል፤ አንዱም ሳይጠየቅ የወንድምዎን ሻንጣ አንሥቶ መንገድ ሊጀምር ይችላል። ክፉዎች ናቸው ማለቴ አይደለም፣ እንጀራቸው ነው፤ ነገር ግን የሚወስዷችሁ ኮሚሽን ወደሚከፍላቸው ቤት ነው፤ ኮሚሽኑም ዞሮ የሚጨመረው በእናንተ ሒሳብ ላይ ነው። ሻንጣችሁን በእጃችሁ ይዛችሁ «ይዘናል፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብላችሁ እለፉ። ገና ያልያዛችሁ ቢሆንም እንኳ እንዲህ ማለቱ አያስኮንንም።

ማረፊያችን የት ይሁን ላሉት፣ ምርጫዬ ደሴ ነው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ሌሊቷ ይበርዳል፤ ኮምቦልቻ ግን ከዚያ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ብላ ሞቅ ባለው ስፍራ ላይ ተቀምጣለች። አገራችን ውስጥ ከ2,000 ሜትር በታች ያለ አካባቢ በአብዛኛው ወባማ ተብሎ ይመደባል፤ ክረምቱ ወጥቶ ውሃ የሚቋጥርበት የመስከረምና የጥቅምት ወቅት ደግሞ ትንኝ የሚበዛበት ነው። ስለዚህ ኮምቦልቻ የምታድሩ ከሆነ በክፍሉ አጎበር መኖሩን ወይም የመስኮቱ ወንፊት አለመቀደዱን ሳታዩ አትክፈሉ። ከዚህም ሌላ ኮምቦልቻ ወደ ሚሌና ወደ ጅቡቲ ወደብ የሚሄዱ ከባድ መኪናዎች የሚያልፉባት ከተማ ናት፤ በዋናው መንገድ ዳር ያሉት ርካሽ ቤቶች የሾፌሮች ማደሪያ ስለሆኑ ሌሊቱን ሞተር ሲነሣና ሲጠፋ ያድራል፤ ደንበኛቸው ለዚያ የተመቸ ነው፣ ለእናንተ ግን አይመችም። ደሴ አድራችሁ የኮምቦልቻው ጉዳይ ባለበት ቀን ጠዋት ብትወርዱና ከሰዓት ብትመለሱ፣ የሚኒባሱ ወጪ በሁለቱ ከተሞች ዕቃ እያዘዋወራችሁ አልጋ ከመቀያየር ይቀላል።

አሁን ወደ እናትዎ ቃል ልመለስ። «ሴት ልጅ አልጋ ቤት አታድርም» ያሉት በከንቱ አይደለም፤ አልጋ ቤት በሚለው አንድ ስም ሥር በጣም የሚለያዩ ቤቶች ስላሉ ነው። ከፊት ለፊት ግሮሰሪ ወይም መጠጥ ቤት ከፍቶ ከጓሮ ክፍሎችን ለአጭር ሰዓት የሚያከራይ ቤት አለ። ባለቤቷ ራሷ ግቢ ውስጥ የምትኖርበት፣ ቡናው የሚፈላበት፣ ነጋዴውና ለሥራ የመጣው የመንግሥት ሠራተኛ ወር እስከ ወር የሚያድርበት ፔንሲዮንም አለ። የሁለቱ ዋጋ ብዙ ጊዜ ተቀራራቢ ነው። ልዩነቱን ለማወቅ በሩ ላይ ጥቂት መቆም ይበቃል፦ በረንዳው ላይ የሚታየው የታጠበ አንሶላ ነው ወይስ የቢራ ሳጥን? የምትቀበልዎ ሴት መታወቂያ ጠየቀችዎ ወይስ ገንዘቡን ብቻ? የእንግዳ መዝገብ አውጥቶ ስም፣ የመጡበትን ከተማና የመታወቂያ ቁጥር የሚመዘግብ ቤት ቢያሰለችዎም ይመኑት፤ ያለ ምንም ጥያቄ ቁልፍ የሚያቀብልዎ ቤት ለሌላውም ሰው እንዲሁ እንደሚያቀብል ይገንዘቡ።

ከወንድምዎ ጋር በመሆንዎ በመዝገቡ ላይ ጥያቄ ቢነሣ አይከፉ። ወንድና ሴት አንድ ክፍል ሲጠይቁ ደህና ቤት መጠየቁ አግባብ ነው። እሱ የነዋሪነት መታወቂያ ለማውጣት ዕድሜው ስላልደረሰ የትምህርት ቤት መታወቂያውን ይያዝ፤ የአባትና የአያት ስም አንድ ሆኖ ሲታይ ነገሩ በዚያው ያበቃል። ሁለት አልጋ ያለው ክፍል ብለው ይጠይቁ፤ ሁለት ነጠላ ክፍል ከመያዝ ይረክሳል፣ ሌሊትም አብራችሁ ትሆናላችሁ።

ክፍሉን ለማየት ሲገቡ ሻንጣውን ከወንድምዎ ጋር ውጭ ይተዉት፤ ዕቃ አንዴ ከገባ ሰው ይሉኝታ ይይዘዋል፣ እንቢ ብሎ መውጣት ያቅተዋል። በመጀመሪያ በሩን ከውስጥ ይዝጉት። ቁልፉ ብቻውን አይበቃም፤ የሌላ ክፍል ቁልፍ የሚከፍታቸው በሮች ጥቂት አይደሉም። ከውስጥ የሚወረወር መቀርቀሪያ መኖሩን፣ መቀርቀሪያውም የሚገባበት ቀዳዳ ከመቃኑ ጋር መግጠሙን በእጅዎ ወርውረው ይሞክሩት። አንዳንዱ ለታይታ የተመታ ነው፤ በሩን ገፋ ሲያደርጉት ሚስማሩ ይነቃነቃል። መስኮቱ ምድር ቤት ከሆነ የብረት ፍርግርግ ሊኖረው ይገባል።

ቀጥሎ አልጋው ነው። አንሶላውን ከራስጌ በኩል ማዕዘኑ ላይ ገልጠው የፍራሹን ስፌት በስልክዎ መብራት ይመልከቱት። በስፌቱ መስመር ላይ በብዕር ጫፍ እንደ ነካኩት ያለ ጥቁር ነጠብጣብ፣ በአንሶላውም ላይ ዝገት የመሰለ የደረቀ የደም ጠብታ ካዩ ትኋን አለ ማለት ነው። ትኋን ቀን ቀን በስፌትና በእንጨት ስንጥቅ ውስጥ ስለሚደበቅ ራሱን ላያዩት ይችላሉ፤ የሚያጋልጠው ምልክቱ ነው። በንክሻው በሽታ እንደሚያስተላልፍ አልተረጋገጠም፤ ክፋቱ በሻንጣ ተሳፍሮ አዲስ አበባ ድረስ መከተሉ ነው። እንዲህ ያለ ክፍል ቢለወጥልዎ እንኳ የሚሰጥዎ ጎረቤቱ ነውና ቤቱን ይለውጡት። ንጹሕ መስሎ በታየዎት ክፍልም ቢሆን ሻንጣውን አልጋ ላይ ሳይሆን ወንበር ላይ ያስቀምጡ፤ ሲመለሱም ልብሱን በ60 ዲግሪ ውሃ ማጠብ ትኋኑንም እንቁላሉንም ይገድለዋል። አንሶላው ለእርስዎ የተለወጠ መሆኑን ከተጠራጠሩ «እባክሽ ሌላ አንሶላ አንጥፊልን» ብለው አልጋ አንጣፊዋን በትሕትና ይጠይቁ፤ ሲወጡ ጥቂት ጉርሻ ቢሰጧት ደግሞ ስድስቱንም ቀን ትጠቅምዎታለች።

ስለ ሻወር ብዙ አልልም። «ሙቅ ውሃ አለው» ሲባሉ ቧንቧውን ራስዎ ይክፈቱት፤ ውሃ የማይመጣበት ቀን በርሜል ወይም ጀሪካን እንደሚቀመጥ ይጠይቁ። የጋራ ሻወርና መጸዳጃ ያለው ክፍል በዋጋው ይረክሳል፤ ሆኖም መጸዳጃው በግቢው ጥግ ከሆነና መብራት ከሌለው ለአንዲት ወጣት ሌሊት መውጣቱ አይመከርም። በዚህች ነገር ብቻ ጥቂት ጨምረው ሻወር ያለውን ክፍል ቢይዙ ገንዘብዎን አባከኑ አልልም።

ከሁሉ አስጠንቅቄ የምጽፍልዎ ስለ ከሰል ነው። የደሴ ብርድ አጥንት ሲሰማው፣ ከክፍሉ ጀርባ ቡና የሚያፈሉ ሰዎች ደግነት ተሰምቷቸው የተረፈውን ፍም «ክፍሉን ያሙቅላችሁ» ብለው ሊያስገቡላችሁ ይችላሉ። በምንም ምክንያት አይቀበሉ። በተዘጋ ክፍል ውስጥ የሚነድ ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ጭሱ አልቆ ፍሙ ቀልቶ ሲታይ አደጋው ያለፈ ይመስላል እንጂ ጋዙ መውጣቱን አያቆምም፤ የተኛን ሰው ሳያነቃው ይገድላል። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከተሰማችሁ በሩን ከፍታችሁ ወዲያው ውጡ። ብርዱን በተጨማሪ ብርድ ልብስና በወፍራም ካልሲ ይከላከሉት፤ ጋቢ ይዛችሁ ብትመጡ ደግሞ አትጸጸቱም።

ክፍያን በተመለከተ፣ ስድስቱን ሌሊት በአንድ ጊዜ አይክፈሉ። የመጀመሪያውን ሌሊት ብቻ ከፍለው ይደሩበት፤ ጠዋት ላይ «አምስት ሌሊት እንቆያለን፣ ስንት ይሆንልናል?» ብለው ሲጠይቁ የመቀነስ ዕድሉ ሰፊ ነው፤ ባይቀንሱም የማይመች ቤት ውስጥ ገንዘብዎ ታስሮ አይቀርም። ቫት የተጨመረበት ዋጋ መሆኑንና ክፍሉን በስንት ሰዓት መልቀቅ እንዳለባችሁ አስቀድመው ይጠይቁ፤ ሰዓቱ ሲያልፍ ተጨማሪ ሌሊት የሚያስከፍሉ አሉ። በቴሌብር ከከፈሉ ማረጋገጫው በስልክዎ ይቀራል፤ በጥሬ ገንዘብ ከሆነ ደረሰኝ ይቀበሉ።

ለእናንተ ከገንዘቡም በላይ ውድ የሆነው ወረቀቱ ነው። በየክፍሉ በር ጀርባ «በአደራ ላልተሰጠ ንብረት ኃላፊነት አንወስድም» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፎ ታያላችሁ። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የሆቴል ባለቤት ለእንግዳው ዕቃ ስላለበት ኃላፊነት የራሱ ድንጋጌዎች ስላሉት ነገሩ በዚያ ወረቀት ብቻ የሚያልቅ አይደለም፤ ይሁን እንጂ የጠፋ የይዞታ ካርታ በክርክር አይመለስም። ዋናውን ሰነድ ክፍል ውስጥ ጥላችሁ አትውጡ፤ ከሰውነታችሁ በማይለይ ቦርሳ ያዙት፣ ቅጂዎቹን ለየብቻ አስቀምጡ፣ የእያንዳንዱን ገጽ ፎቶ አንሥታችሁም ለእናታችሁ ላኩ። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ፓወር ባንኩን ሞልታችሁ ውጡ።

አሁን ወደ አክስትዎ። አክስትዎ «እኔ እያለሁ በሰው አልጋ ታድራላችሁ?» ማለታቸው አይቀርም፤ ይህንን ባይሉ ነበር የሚያሳዝነው። ወሎ ላይ የወንድም ልጅ መጥቶ አልጋ ቤት አደረ የሚለው ወሬ ጎረቤት ዘንድ የሚያስገምተው እርስዎን ሳይሆን እሳቸውን ነው። ስለዚህ ቅያሜያቸውን እንደ ግትርነት አይቁጠሩት። እኔ የማቀርብልዎ መንገድ ይህ ነው፦ ከመነሣትዎ አንድ ሳምንት አስቀድመው ይደውሉላቸው፤ ቤትዎ ጠባብ ነው የሚለውን በጭራሽ አያንሡ። «ጠዋት ጠዋት ቢሮ ተሰልፈን፣ ማታ ወረቀት ዘርግተን፣ ቤቱን ከምናስቸግር በአቅራቢያዎ አልጋ ብንይዝ ብለን ነው፤ እኛ አገሩን አናውቀውም፣ እርስዎ የሚያምኑትን ቤት አይተው ይምረጡልን» ይበሉ። ከተማው ውስጥ የኖረ ሰው የትኛው ቤት ንጹሕ እንደሆነ፣ የትኛው ደግሞ ማታ ማታ ምን እንደሚያስተናግድ ያውቃል፤ አክስትዎ ባያውቁ ጎረቤታቸው ታውቃለች። እሳቸው ወይም ልጃቸው ቀን ሄደው ክፍሉን ካዩላችሁ፣ ከላይ ከዘረዘርኩት ግማሹ እናንተ ሳትደርሱ ያልቃል። ባለቤቷም የእገሌ ዘመዶች መሆናችሁን ታውቃለችና የምታይበት ዐይን ይለያል። እናትዎም ምርጫው የአክስትዎ መሆኑን ሲሰሙ ሥጋታቸው የሚበርድ ይመስለኛል።

አሳቡን ለእሳቸው ከተዉ በኋላ ግን ምርጫቸውን መልሰው አይንቀፉ፤ ቀዳዳ ካገኙበት በአንሶላውና በመቀርቀሪያው ያመካኙ እንጂ «የመረጡልን ቤት» አይበሉ። ደሴ እንደ ገባችሁ አልጋው ጋ ሻንጣ አስቀምጣችሁ ወዲያው፣ ልብስ ሳትቀይሩ፣ ወደ ቤታቸው ሂዱ፤ ቡናና ስኳር ይዛችሁ። ከአቦሉ እስከ በረካው ሳትቸኩሉ ተቀመጡ። በቆይታችሁ መካከል አንድ ቀን ምሳ ከእሳቸው ጋር ብሉ። የቤቱን ጉዳይ በተመለከተ፣ እሳቸውን የሚነካው ነገር ካለ በዚያው በቀን፣ ወንድምዎ ባለበት ይንገሯቸው፤ ከቢሮ ሰዎች ቢሰሙት አልጋ ቤት የያዛችሁት ለመደበቅ ነው ብለው ያስባሉ፣ ያኔ ምንም ብትሉ አይመለስም።

የመጨረሻዋን ሌሊት ደግሞ ከእሳቸው ቤት እደሩ። ወረቀቱ አልቋልና የፈሩት ወሬ አይኖርም፤ መሬት ላይ ፍራሽ ቢነጠፍላችሁም የአንድ ሌሊት ጉዳይ ነው። አውቶቡሱ የሚነሣው ንጋት ላይ በመሆኑ ግን በዚያ ሰዓት ወደ መናኸሪያ የሚያደርሳችሁን ባጃጅ፣ አክስትዎ የሚያውቁት ሾፌር ቢሆን ይመረጣል፣ ማታውኑ ተነጋግራችሁ ስልኩን ያዙ።